ሁሉም በመርከብ የመጣባት ደሴት፤ ሞሪሸስን ለሚጎበኝ ሰው
(በሬዲዮ የተነገረ)



ሰው ወደ ማያውቀው አገር ሲሄድ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የአገሩ ተወላጆች እነማን ናቸው?» ብሎ ነው። ተወላጁንና መጤውን ለይቶ ካወቀ በኋላ የአገሩን ጠባይ የተረዳ ይመስለዋል። ዛሬ የምንነጋገርባት ደሴት ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ የላትም። በሞሪሸስ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሕዝብ የለም። የአገሩ ሕዝብ፥ ባለጸጋውም ድኻውም፥ ነጩም ጥቁሩም፥ ቅድመ አያቶቹ በመርከብ ተጭነው የመጡ ናቸው። ልዩነቱ አንዱ በመርከቡ ሰገነት ላይ ተቀምጦ፥ ሁለተኛው በመርከቡ ሆድ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ፥ ሦስተኛው ደግሞ ሊያነበው በማይችል የውል ወረቀት ላይ ምልክት አድርጎ መምጣቱ ነው።

ስለ ሞሪሸስ ባሕር ዳርቻ፥ ስለ ነጩ አሸዋና ስለ ሰማያዊው ውሃ ብዙ ተነግሯል፤ ወደፊትም ይነገራል። እኛ ግን ዛሬ የምንመረምረው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም በአባት አገር፥ በሃይማኖትና በቋንቋ የማይገናኙ ሰዎች በአንዲት ጠባብ ደሴት ላይ እንዴት አድርገው አብረው ይኖራሉ? ይህስ ኑሮ ምን ያስከፍላቸዋል? የሚለው ነው። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ሞሪሸስ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ሮድሪግስ የተባለችውንና ሌሎቹን ትናንሽ ደሴቶች ጨምሮ የአገሪቱ ስፋት 2,040 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕዝቧም ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ ነው። ደሴቲቱ ከባሕር ሥር በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተፈጠረች ስትሆን፥ ከፍተኛው ተራራዋ ከባሕር ወለል በላይ 828 ሜትር ይደርሳል። ዙሪያዋን የኮራል ድንጋይ እንደ አጥር ስለ ከበባት፥ የውቅያኖሱ ማዕበል በአብዛኛው ከዚያው ላይ ተሰብሮ ይቀራል። ወራቶቿ ከአውሮፓ ተቃራኒ ናቸው፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሞቃትና ዝናባም ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነፋሻና ቀዝቀዝ ያለ ነው። በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት ብርቱ አውሎ ነፋስ ይነሣል። በ1960 «ካሮል» የተባለው አውሎ ነፋስ እጅግ ብዙ ቤቶችን ስላፈረሰ፥ ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በእንጨትና በሣር ፈንታ በሲሚንቶ መሥራትን መርጧል። ጎብኚው በየመንደሩ የሚያያቸው ጠፍጣፋ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ታሪኳን ባጭሩ ብናስታውስ፥ በ1598 የሆላንድ መርከበኞች አርፈውባት በመስፍናቸው በሞሪስ ስም ሰየሟት፤ በ1638ም ሰፈሩባት። ሸንኮራ አገዳን ያስገቡት፥ ዞጲ የተባለውን ጥቁር እንጨት እየቆረጡ የጫኑት እነርሱ ናቸው። በደሴቲቱ ላይ ብቻ ይኖር የነበረው፥ መብረር የማይችለው ዶዶ የተባለው ትልቅ ወፍ ሰውን አይቶ ስለማያውቅ አይሸሽም ነበር። ሰውና ከሰው ጋር በመርከብ የመጡት አይጦች፥ ዐሣሞችና ዝንጀሮዎች ተባብረው መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዘሩን አጠፉት። ሆላንዶችም በ1710 ትተዋት ሄዱ። ከእነርሱ በኋላ ፈረንሳዮች በ1715 ያዟት። በ1735 የመጣው ማኤ ደ ላ ቡርዶኔ የተባለው ገዥያቸው ፖርት ሉዊስን የመርከብ ወደብና ዋና ከተማ አደረጋት። ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ፥ ከሌላውም የአፍሪካ ክፍል፥ ከሕንድም ጭምር ባሮች እየተገዙ መጡ። በ1810 ደግሞ እንግሊዞች በጦር ወሰዷት።

እንግሊዞች ደሴቲቱን ሲይዙ ለነዋሪዎቹ ሃይማኖታቸውን፥ ሕጋቸውንና ልማዳቸውን እንደማይነኩባቸው ቃል ገቡ። የዚህ ውል ፍሬ እስከ ዛሬ ይታያል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከናፖሌዎን ሕግ የመጣ ነው፤ የፓርላማው ሥርዓት ግን የእንግሊዝ ነው፤ የመጨረሻውም ይግባኝ የሚሰማው በለንደን በሚገኘው የንጉሡ አማካሪ ሸንጎ ነው። መኪና በግራ ይነዳል፤ የመንደሮቹ ስም ግን በብዛት ፈረንሳይኛ ነው። የገንዘቡ ስም «ሩፒ» መሆኑ ደግሞ ሦስተኛውን እንግዳ፥ ሕንዳዊውን፥ ያስታውሰናል።

እንግዲህ ጎብኚው ጉዞውን ከፖርት ሉዊስ ወደብ ቢጀምር መልካም ነው። በዚያ «አፕራቫሲ ጋት» የሚባል ስፍራ አለ፤ ትርጉሙ የመጤዎች መውረጃ እንደ ማለት ነው። ከድንጋይ የተሠሩ ጥቂት አሮጌ ክፍሎችና ዐሥራ ስድስት ደረጃዎች ናቸው፤ ሌላ ለዓይን የሚያስደንቅ ነገር የለበትም። ነገር ግን በእነዚህ ደረጃዎች ላይ የአንድ አገር ሕዝብ ወጥቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። በየካቲት 1 ቀን 1835 በደሴቲቱ ባርነት ሲሻር ከ60 ሺህ በላይ ባሮች ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ለባለ ርስቶቹ ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ካሣ ከፈላቸው፤ ለባሮቹ ግን አንዲት ሳንቲም አልተሰጠም። እንዲያውም «ተለማማጅ» በሚል ስም እስከ 1839 ድረስ ለቀድሞ ጌቶቻቸው እንዲሠሩ ታዘዙ። ያ ጊዜ ሲያልቅ አብዛኞቹ የሸንኮራውን እርሻ ጥለው ሄዱ። ባለ ርስቶቹ ይህ እንደሚመጣ ስለ ገመቱ፥ ገና በ1834 ከሕንድ አገር በውል የተቀጠሩ የጉልበት ሠራተኞችን ማስመጣት ጀምረው ነበር። በዚያ ዓመት በኅዳር 2 ቀን 36 ሕንዳውያን «አትላስ» በተባለች መርከብ ደረሱ። ከእነርሱ በኋላ እስከ 1920 ድረስ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መጡ። የዓለም ቅርስ መዝገብም ስፍራውን በ2006 ከዓለም ቅርሶች አንዱ አድርጎ ጽፎታል።

በመሥሪያ ቤት ለምንውል ሰዎች ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። እያንዳንዱ መጤ ደረጃውን ከወጣ በኋላ በጸሐፊዎች ፊት ይቆም ነበር። ጸሐፊውም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስሙንና የአባቱን ስም፥ ዕድሜውን፥ ቁመቱን፥ በገላው ላይ ያለውን ምልክትና የተወለደበትን አውራጃ በመዝገብ ላይ ያሰፍራል። ኋላም ፎቶግራፉ የተለጠፈበት የመታወቂያ ወረቀት ይዞ እንዲዘዋወር ተገደደ። ስሙ የተጻፈው ለጸሐፊው ጆሮ እንደ ተሰማው ስለ ነበረ፥ ፊደሉ ተጣሞ፥ የአባት የመጠሪያ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። ይህ ሁሉ የተደረገው ሠራተኛው እንዳይጠፋ ለመቆጣጠር ነበር። ዛሬ ግን እነዚያ መዛግብት ሞካ በተባለችው ከተማ በማህተማ ጋንዲ ተቋም ተጠብቀው ይገኛሉ፤ የልጅ ልጆቹም የአያቶቻቸውን መንደር ሊያገኙ ወደዚያ ይሄዳሉ። ለቁጥጥር የተጻፈ መዝገብ ከመቶ ዓመት በኋላ የትውልድ ሐረግ ሆነ። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ በጥንቃቄ የጻፈው ፊደል ለዛሬው ሰው አባት ይመልስለታል፤ በቸልታ የጻፈውም ይነሣዋል።

የባሮቹ ልጆች ግን እንደዚህ ያለ መዝገብ የላቸውም፤ ብዙዎቹ ከየት እንደ መጡ አያውቁም፤ ስማቸውንም ያወጡላቸው ሌሎች ናቸው። ስለዚህ የእነርሱን ታሪክ የሚፈልግ ጎብኚ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ወደ ተራራ መሄድ አለበት። በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ለ ሞርን የተባለ 556 ሜትር ከፍታ ያለው ገደላማ ተራራ በባሕሩ ላይ ቆሟል። ከጌቶቻቸው ያመለጡ ባሮች በዋሻዎቹና በአናቱ ላይ ተሸሽገው ይኖሩ ነበር። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው አፈ ታሪክ እንደሚለው፥ ባርነት መሻሩን ሊያበሥሯቸው ወታደሮች ወደ ተራራው ሲወጡ፥ ስደተኞቹ ሊይዟቸው የመጡ መስሏቸው ራሳቸውን ከገደሉ ወረወሩ። በ2008 ይህም ተራራ በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እነሆ፥ በአንዲት ደሴት ላይ ሁለት ምልክቶች፤ ደረጃና ገደል። መንግሥቱም ሁለቱንም ቀን ያስባል፤ የካቲት 1 ቀን ባርነት የተሻረበት፥ ኅዳር 2 ቀን የውል ሠራተኞች የደረሱበት እየተባሉ በመላው አገር ሥራ የማይሠራባቸው በዓላት ናቸው። የባሪያው ልጅ የውል ሠራተኛውን በዓል ያከብራል፤ የውል ሠራተኛው ልጅም የባሪያውን።

ከዚህ በኋላ ጎብኚው ወደ ፖርት ሉዊስ ገበያ ይመለስ። ከወደቡ እልፍ ሲል በንጉሥ ጎዳና ላይ የጁማ መስጊድ ይታያል፤ ዙሪያው የቻይናውያን ሱቆች ያሉበት ሰፈር ነው፤ ጥቂት ራቅ ሲል የቅዱስ ሉዊስ ካቴድራል አለ። በየመንገዱ ዳር ደግሞ «ዶል ፑሪ» የሚባል ምግብ ይሸጣል፤ ተቀቅሎ የደቀቀ ክክ በስስ ሊጥ መካከል ተሞልቶ በብረት ምጣድ ላይ የሚጋገር ነው። ከላዩ የባቄላ ወጥ፥ የቲማቲም ስልስና ሚጥሚጣ የሚመስል የቃሪያ ቅመም ይደረግበትና ተጠቅልሎ ይበላል። ይህን ምግብ ከሕንድ ያመጡት የውል ሠራተኞች ናቸው፤ ዛሬ ግን የሚበላው ሰው ሁሉ ነው። እንደዚሁም የቻይናውን የተጠበሰ ፓስታ ሙስሊሙ፥ የሙስሊሙን ቢርያኒ ክርስቲያኑ እንደ ገዛ ምግቡ ይቆጥረዋል። የሰው ልጅ በጸሎት ቤት ሳይገናኝ በማዕድ የሚገናኝ መሆኑን ይህ ገበያ ያስረዳል።

ስለ ቋንቋ የተነሣ እንደ ሆነ፥ የአንድ መሥሪያ ቤትን ውሎ ማየት ይበቃል። ባለጉዳዩ ጉዳዩን በክሪዮል ያስረዳል፤ ሹሙ ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ ይመዘግባል፤ በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ጋዜጣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊዋም ምናልባት ለእናቷ ስትደውል ቦጅፑሪ በተባለው የሕንድ ቋንቋ ትናገር ይሆናል። ክሪዮል ማለት በባርነት ዘመን ከየአገሩ የመጡት ባሮችና ጌቶቻቸው ለመግባባት ሲሉ ከፈረንሳይኛ ቃላት የፈጠሩት ቋንቋ ነው። ማንም ከአባቱ አገር ይዞት የመጣ ስላልሆነ የማንም አይደለም፤ ስለዚህም የሁሉም ሆነ። ዛሬ እጅግ የሚበዛው ሕዝብ በቤቱ የሚናገረው እርሱን ነው። ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን «የባሮች ቋንቋ» ተብሎ ሲናቅ ኖሯል። ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው የሚማሩት በቤታቸው በማይሰሙት በእንግሊዝኛ ነው፤ ከድኻ ቤት የሚመጣው ልጅም በዚህ ምክንያት ወደ ኋላ ይቀራል። ክሪዮል ልጆች ከመረጡት የሚማሩት ትምህርት ሆኖ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው በ2012 ነው።

የባሮቹ ልጆች ያወረሱት ሌላው ሀብት ሴጋ የሚባለው ዘፈን ነው። ራቫን የተባለው ሰፊ ከበሮ በፍየል ቆዳ የተወጠረ ሲሆን፥ ከመመታቱ በፊት ቆዳው እንዲወጠር በእሳት ይሞቃል። ዘፋኞቹ እግራቸውን ከመሬት ሳያነሡ ወገባቸውን እያወዛወዙ ይጨፍራሉ። ዩኔስኮ በ2014 ሴጋን፥ በ2016 ደግሞ የሕንዳውያኑን ሴቶች የሠርግ ዘፈን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቷቸዋል።

የሃይማኖቱን ነገር ብናይ በ2011 በተደረገው ቆጠራ ሂንዱዎች ከሕዝቡ 48 ከመቶ ያህል፥ ክርስቲያኖች ሲሶ ያህል፥ ሙስሊሞች 17 ከመቶ ያህል ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ብቻውን ከግማሽ በላይ የሆነ ወገን የለም። የሂንዱዎቹ ትልቁ በዓል ማሃ ሺቫራትሪ ነው። በዚያን ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው ነጭ ልብስ ለብሶ፥ ከቀርከሃ ተሠርቶ በአበባና በመስተዋት ያጌጠ ሸክም ተሸክሞ፥ ከየመንደሩ በእግሩ ወደ ግራን ባሰን ይጓዛል። ይህ በደጋው ላይ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ሕንዳውያኑ ከጋንጅስ ወንዝ እጅግ ስለ ራቁ፥ በአዲሱ አገራቸው የሚቀድሱት ውሃ ፈለጉና ይህን ሐይቅ አገኙ፤ በ1972 ደግሞ ከጋንጅስ የመጣ ውሃ ተጨመረበት። ተጓዦቹ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነዋሪዎች የሚጠጣና የሚቀመስ ይዘው ይጠብቋቸዋል።

በመስከረም 8 ቀን ሌሊት ደግሞ ሕዝቡ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጓዛል። በፖርት ሉዊስ ዳርቻ በሳንት ክሯ አባ ዣክ ዴዚሬ ላቫል የተባሉ ካህን መቃብር አለ። እኒህ ሰው በፈረንሳይ አገር ሐኪም ነበሩ፤ ኋላም ክህነት ተቀብለው በ1841 ወደ ሞሪሸስ መጡ። ነፃ ከወጡት ባሮች ጋር እየኖሩ፥ ክሪዮል ተምረው በእርሱ እያስተማሩ፥ በ1864 አረፉ። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1979 የብፁዓንን ማዕርግ ሰጥታቸዋለች። ወደ መቃብራቸው የሚመጡት ግን ካቶሊኮች ብቻ አይደሉም፤ ሂንዱዎችና ሙስሊሞችም ሻማ ይዘው ይሳለማሉ። የአንድ ሰው በጎነት ከበዛ የሃይማኖቱ አጥር እንደማያግደው ይህ ማስረጃ ነው።

አድማጮች ሆይ፤ እስከዚህ የተናገርነውን ብቻ ሰምቶ የሚሄድ ሰው ደሴቲቱን ገነት አድርጎ ይቆጥራት ይሆናል። ሞሪሸስ ግን ገነት አይደለችም፤ ይህንንም ከማንም አስቀድመው የሚናገሩት የገዛ ልጆቿ ናቸው። በ1967 በተደረገው ምርጫ ከመራጩ 44 ከመቶ ያህሉ ድምፁን የሰጠው ነፃነትን ለሚቃወመው ወገን ነበር፤ ሕንዳውያኑ በቁጥር ስለ ሚበዙ ይጫኑናል ብሎ ስለ ፈራ ነው። በጥር ወር 1968፥ ነፃነት ሊታወጅ ሁለት ወር ሲቀረው፥ በፖርት ሉዊስ በክሪዮሎችና በሙስሊሞች መካከል ደም ፈሰሰ። የእንግሊዝ ወታደሮች ከሲንጋፖር እስኪመጡ ድረስ ጸጥታ አልተገኘም። ለዘመናት ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው የኖሩ ቤተሰቦች ዕቃቸውን ጭነው ወደየወገናቸው ሰፈር ሸሹ። በመጋቢት 12 ቀን የነፃነቱ ሰንደቅ ዓላማ የተሰቀለው በዚህ ሁኔታ ነበር። አዲሲቱ አገር በዚያው ዓመት መቀመጫው አዲስ አበባ ለነበረው ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል ሆነች፤ በ1976ም የመሪዎቹ ጉባኤ በፖርት ሉዊስ ተደረገ።

የሕገ መንግሥቱ አዘጋጆች ይህን ፍርሃት ለማብረድ አንድ ዘዴ አበጁ። በሕዝብ ከሚመረጡት 62 የምክር ቤት አባላት በላይ፥ ከተሸነፉት ተወዳዳሪዎች መካከል ብልጫ ያገኙ እስከ ስምንት የሚደርሱ ሰዎች ይጨመራሉ፤ የሚመረጡትም ወኪል ያነሰው ወገን እንዲሟላ ተብሎ ነው። ለዚህም ተወዳዳሪው ሁሉ ወገኑን እንዲያስመዘግብ ተደነገገ። ወገኖቹ አራት ናቸው፤ ሂንዱ፥ ሙስሊም፥ ቻይናዊ፥ አራተኛው ደግሞ «ጠቅላላ ሕዝብ»። ይህ አራተኛው ወገን በአኗኗሩ ከሦስቱ አንዱ ያልሆነ ሁሉ የሚጣልበት ነው። ስለዚህ የባለ ርስቱ ነጭ ልጅና የባሪያው ልጅ በአንድ ስም ተጠርተው በአንድ ዓምድ ተጻፉ።

ይህ ደንብ ብዙ ጊዜ ጠቅሟል፤ ከፓርላማው ደጅ ሊቀሩ ይችሉ የነበሩትን አስገብቷል። ነገር ግን ዋጋው ቀላል አይደለም። ሕዝቡ በወገን የተቆጠረው ለመጨረሻ ጊዜ በ1972 ሲሆን፥ ሕጉ እስከ ዛሬ የሚመረኮዘው በዚያው አሮጌ ቁጥር ላይ ነው። «እኔ ሞሪሸሳዊ እንጂ ሌላ ወገን የለኝም» ብለው ወገናቸውን አንጽፍም ያሉ ተወዳዳሪዎች ከምርጫ ተሰርዘዋል። እነርሱም ለተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ አቤት ብለው በ2012 ተፈረደላቸው። መንግሥቱም ለ2014 ምርጫ ብቻ ወገንን አለመግለጽ እንዲቻል ፈቀደ። ጉዳዩ ገና አላለቀም። ቢቆጥሩ መለያየት ይጸናል፤ ባይቆጥሩ ታናሹ ወገን ይረሳል። ሕዝብን በመዝገብ ላይ የሚያሰፍር ሹም ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ጭንቅ ነው።

ሁለተኛው ቁስል የተከፈተው በ1999 ነው። ሴጋንና ሬጌን አዋሕዶ የሚዘፍን ካያ የተባለ የተወደደ ክሪዮል ዘፋኝ በየካቲት 21 ቀን በፖሊስ እስር ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ነፃነት ከተገኘ ሠላሳ ዓመት ሲሞላ፥ የአገሩ ሀብት በስኳር፥ በጨርቃ ጨርቅና በእንግዳ ማስተናገድ ሥራ ሲያድግ፥ የባሮቹ ልጆች ግን ብዙዎቹ ከድኽነት አልወጡም ነበርና፥ የታመቀው ቍጣ ፈነዳ። ለጥቂት ቀናት መንገዶች ተዘጉ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ሰዎችም ሞቱ። በዚያን ጊዜ ሙስሊሙ ፕሬዚዳንት ካሳም ኡቲምና የካቶሊኩ ካርዲናል ዣን ማርጄዎ በየስፍራው እየተዘዋወሩ ሕዝቡን ለመኑት፤ ጸጥታም ተመለሰ። ነገር ግን አስተዋዮቹ «በረደ» ብለው አልተዉትም። በ2009 ባርነትና የውል ሥራ ያስከተሉትን በደል የሚመረምር የእውነትና የፍትሕ ኮሚሽን ተቋቁሞ በ2011 ሐተታውን አቀረበ። ከላይ የጠቀስነው የክሪዮል ትምህርትም በማግስቱ ዓመት ተከተለ። ቤት ሲያፈስ ዝናቡ እስኪያልፍ ከመጠበቅ ጣሪያውን መጠገን እንደሚሻል ሞሪሸሳውያን የተማሩት በመከራ ነው።

የዚህ ሁሉ ጥገና ፍሬ በ2020 በግልጥ ታየ። በሐምሌ 25 ቀን ዋካሺዮ የተባለች የጃፓን ኩባንያ መርከብ በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ከኮራሉ ድንጋይ ላይ ወጥታ ተቀረቀረች። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ሆዷ ተሰንጥቆ አንድ ሺህ ቶን ያህል ጥቁር ዘይት ወደ ባሕሩ ፈሰሰ። የዓሣ አጥማጁ እንጀራ፥ የአገሩም ጌጥ ሊጠፋ ሆነ። ሕዝቡ ትእዛዝ እስኪመጣ አልጠበቀም። ከየመንደሩ ወጥቶ የሸንኮራ አገዳ ገለባ በጨርቅ እየጠቀጠቀ፥ ረዣዥም ተንሳፋፊ አጥር እየሰፋ ዘይቱን ለማገድ ተረባረበ። ቅድመ አያቶቻቸውን በግዴታና በውል አስሮ ያመጣቸው ያ ሸንኮራ አገዳ፥ በዚያን ቀን የልጆቹን ባሕር ለመከለል ዋለ። በዘይት የተነከረ እጅ የየትኛው ወገን እንደ ሆነ አይለይም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የአገራችን ምሳሌ በዚያ ባሕር ዳር በሥራ ተተረጐመ።

እንግዲህ ሞሪሸስን ሊጎበኝ ለሚነሣ ሰው ጥቂት ምክር እንስጥ። ከተቻለ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይሂድ። ጊዜውን ሁሉ በባሕር ዳር ሆቴል አያሳልፍ፤ ወደ ከተማው፥ ወደ ገበያው፥ ወደ ደጋው ይውጣ። ከሂንዱው ቤተ መቅደስና ከመስጊዱ ሲገባ ጫማውን ያውልቅ፤ ልብሱም ትከሻውንና ጉልበቱን የሚሸፍን ይሁን። ሰው ሲጋብዝ ሂንዱው የላም ሥጋ፥ ሙስሊሙም የዐሣማ ሥጋ እንደማይበላ ያስታውስ። ሰውን እንደ ተዋወቀ «ወገንህ ምንድር ነው?» ብሎ አይጠይቅ፤ ይህ ጥያቄ በዚያ አገር ስንት ነገር እንዳለበት አሁን ተረድተናል። ይልቁንም «አያቶችህ በምን መንገድ መጡ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መዝገብ ያለው ስለ መዝገቡ፥ የሌለውም ስለ ተራራው ይነግረዋል።

ከዚህች ትንሽ ደሴት የምንማረው ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ልዩ ልዩ ሕዝብ አብሮ የሚኖረው ስለ ተዋደደ ብቻ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን በዓል ቀን በመዝገብ ላይ ስለ ጻፈለት፥ በደሉንም ስለ ሰማለት፥ በችግር ቀን ከጎኑ ስለ ቆመለት ነው። ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። በ1968 የተጠገነው በ1999 አፍስሷል፤ በ1999 የተጠገነውም ነገ ጠጋኝ ይፈልጋል። ጠጋኞቹም መሪዎች ብቻ አይደሉም፤ የሕዝቡን ስም በትክክል የሚጽፍ ጸሐፊ፥ ልጁን በሚገባው ቋንቋ የሚያስተምር መምህር፥ ለመንገደኛ ውሃ ይዛ የምትጠብቅ እናት ሁሉ ናቸው።